ከጣራችን የሚወርደው ውኃ

የስብከቱ ምንባቦች፤ መክብብ 10፥18፤ ዘዳግም 22፥8፤ ነህምያ ምዕራፍ 3



ግንቦት ተጋምሷል። በከተማችን በአዲስ አበባ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለቤት ጥገና የቀሩን ደረቅ ቀናት ጥቂቶች ናቸው። በየሰፈሩ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ በየአጥሩ ሥር ጭቃ ይረገጣል። ስለዚህ የዚህ ወር ስብከታችን ከጣራ፥ ከግድግዳና ከአሸንዳ ቢጀምር አትደነቁብን፤ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እነዚህ ነገሮች ከምናስበው ይልቅ አብዝቶ ይናገራልና።

ጠቢቡ በመክብብ መጽሐፍ የሰነፍ ሰው ጣራ እንደሚጎብጥ፥ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ቤትም እንደሚያፈስ ያስተምረናል። ልብ በሉ፤ በዚህ ስፍራ ስለ ማዕበል ወይም ስለ ጠላት ጦር አንዳች አልተናገረም። ቤቱ የፈረሰው «ነገ እሠራዋለሁ» በሚል ቃል ነው። አንዲት ምስማር ትላላለች፤ ውኃ በሥርዋ ይገባል፤ ወራጁ ይረጥባል፤ የረጠበ እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥም እርጥበት ያለበትን ቦታ ፈልጎ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ምስማርና አንድ መዶሻ ይበቃ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ግን አናጢ፥ እንጨትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜም ባለቤቱ «ዝናቡ በዛብኝ» ይላል።

ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ቤቶች የጭቃ ቤቶች ናቸው። ቋሚው የባሕር ዛፍ ነው፤ በቋሚው ላይ ማገር ይመታል፤ በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከዚያም ልስን፥ በልስኑም ላይ ኖራ ይቀባል። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ራሱና እግሩ ደረቅ እስከ ሆኑ ድረስ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከሁለቱ አንዱ የራሰ እንደ ሆነ ግን ጭቃው ወደ መጣበት ወደ አፈር ይመለሳል።

የጣራን ቀዳዳ ማግኘት ከሚመስለው ይልቅ ከባድ ነው። ውኃው በአንድ በኩል ገብቶ በወራጁ ላይ ተንሸራትቶ በሌላ በኩል ይንጠባጠባልና፥ ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ ብቻ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ያስተማሩን ዘዴ ይህ ነው፤ ፀሐይ በጠራች ቀን፥ በቀትር፥ በርና መስኮት ዘግቶ፥ ኮርኒሱን ገልጦ ወደ ላይ መመልከት። በጨለማው ውስጥ እያንዳንዱ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. በግንቦት ወር በቤታችን እንዲህ አድርገን አሥራ ሰባት ቆጠርን። ልጆቻችን እጅግ ደስ አላቸው፤ እኛ ግን ደስ አላለንም።

ሦስት ቅዳሜ ሠራን። ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ሬንጅ በነከረ ጨርቅ ደፈንን፤ ዝገት የበላውን ቆርቆሮ ለወጥን። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚሄድበት ዝቅታ ላይ እንዳይደለ፥ ከራሱም ሥር ጎማ እንደሚደረግበት፥ በጣራ ላይ የሚወጣ ሰውም ምስማሩ በተሰለፈበት፥ ማለት ከሥሩ እንጨት ባለበት ብቻ መርገጥ እንደሚገባው በዚያን ጊዜ ተማርን። (የኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርቆሮውን የሚነካ ከሆነ ግን ማንም በድፍረት እጁን እንዳይሰነዝር እንለምናለን፤ ባለሙያ ይጠራ።) በመጨረሻም ከጣራው ክፈፍ ሥር አሸንዳ ሰቀልን፤ የጣራውን ውኃ ሁሉ ወደ አንድ ማዕዘን ሰብስበን በአንድ ቧንቧ ወደ አጥሩ ሥር አወረድነው። የራሳችን ግድግዳ እግር እንዳይረጥብ ነው ያደረግነው። ሥራውም ያማረ ሥራ ነበረ፤ የማኅበሩ ሽማግሌዎች መጥተው አይተው አመሰገኑን።

እንዲህ ያለውን ነገር በስብከት ውስጥ መጻፋችንን የሚነቅፍ ቢኖር፥ ዶክተር ማርቲን ሉተር በ1529 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ላይ የዕለት እንጀራን ሲተረጕም ቤትንም እንደ ቈጠረ ያስታውስ። ጣራችን ከእንጀራችን ጋር በአንድ ጸሎት ይለመናል።

አሁን አንድ ስሌት አብራችሁን አስሉ። ርዝመቱ ስምንት ሜትር፥ ወርዱ ስድስት ሜትር የሆነ ጣራ 48 ካሬ ሜትር ነው። በላዩ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 48 ሊትር ውኃ ይሆናል። በአንድ የሐምሌ ሌሊት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 960 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት ለመሙላት ጥቂት ብቻ የቀረው ነው። ቀድሞ ይህ ውኃ በጣራችን ዙሪያ ሁሉ ተበትኖ፥ ገሚሱም በቀዳዳው ወደ ቤታችን ገብቶ ነበር የሚያልቀው። አሁን ግን ሁሉን በአንድ አፍ አወጣነው። ከዚያ አፍ በታች ማን እንዳለ አልጠየቅንም።

ከተማችን የተዳፋት ከተማ ናት። ከእኛ አጥር በታች የአንዲት አሮጊት መበለት ቤት አለ፤ የጭቃ ቤት ነው። እርሳቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው፤ እኛም ልጆቻችንም «እትዬ» እያልን እንጠራቸዋለን።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ማታ በቤታችን የጸሎት ጉባኤ ነበረን። ዝናቡ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፁ መዝሙራችንን ሊውጥ ደረሰ፤ እኛም ድምፃችንን ከፍ አደረግን። አንድም ጠብታ አልገባብንም። ስለ ደረቁ ቤታችንም ጌታን አመሰገንን።

በማግስቱ በማለዳ እትዬ በራችንን አንኳኩ። ነጠላቸው ርሷል፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። እንደምን አደራችሁ ካሉን በኋላ፥ «ጣራችሁ አማረ ልጆቼ፤ ውኃው ግን የእኔን ግድግዳ በላው» አሉን።

እኛ ምን መለስን? በልባችን ብዙ መለስን። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ውኃ ከድሮም ወደ ታች ይወርዳል፤ ግድግዳው አርጅቷል፤ ምስጥም ጀምሮታል። ይህ ሁሉ እውነት ነበረ። አዳምም በገነት ሔዋን ፍሬውን እንደ ሰጠችው ሲናገር የተናገረው እውነት ነበረ። በአፋችን ግን «ቤተ ክርስቲያን ረፍዶብናል፤ ከአምልኮ በኋላ መጥተን እናያለን» አልናቸውና ሄድን። ሄደንም ሰበክን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርዱ ቈስሎ የተጣለውን ሰው አይተው ስላለፉት ስለ ካህኑና ስለ ሌዋዊው በየጊዜው የምናስተምር እኛ፥ በዚያ ጠዋት በማን መንገድ እንደ ሄድን የገባን ከሰዓት በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ገባን። ከአጥራችን ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከሥሩ አንድ ሜትር ያህል ተንዶ ቋሚዎቹ እንደ ጎድን አጥንት ይታዩ ነበር። አልጋቸውን ወደ ቤቱ መካከል ስበው እግሮቹን በድንጋይ ላይ አቁመዋል። በመሬቱ ላይ ጣሳና ባልዲ ነበረ፤ ሌሊቱን ሁሉ በጣሳ እየቀዱ በባልዲ ሲደፉ አድረዋል። «እትዬ፥ ለምን አልጠሩንም?» ብንላቸው፥ «ስትዘምሩ እሰማ ነበር፤ ጸሎት አይቋረጥም ብዬ ነው» አሉን።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ እንዲህ የወጋን ግን አናስታውስም። እርሳቸው ይህን ሲናገሩ በፊታቸው ላይ ቍጣ አልነበረም።

በዚያች ሌሊት ካቴኪዝማችን ተገለጠልን። ልጆቻችንን የሰባተኛውን ትእዛዝ ትርጕም እናስጠናቸዋለን፤ የባልንጀራን ገንዘብ አለመስረቅ ብቻ እንዳይደለ፥ ንብረቱንና ኑሮውን እንዲያሻሽልና እንዲጠብቅ መርዳትም እንደ ሆነ በቃላቸው ይወጡታል። እኛ ከእትዬ ቤት አንድ ስኒ አልሰረቅንም። አንድ ግድግዳ ግን ወሰድንባቸው፤ የወሰድነውም በቧንቧ ነው። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፥ ባለንብረት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። የእግዚአብሔር ሕግ ግን ከዚህ አስቀድሞና ከዚህ ጠልቆ ተናገረ። በዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ እንዳይሆን። በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ ነበረና ሰዎች ይቀመጡበት ነበር። እነሆ፥ የቤት ሥራ በእግዚአብሔር ፊት የሚመዘነው ባለቤቱን ከዝናብ በማዳኑ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቤት ምክንያት ሌላ ሰው ምን እንደ ደረሰበትም ይጠየቃል።

እዚህ ላይ በግቢያችሁ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ያላችሁና የምታከራዩ ምእመናን እንድትታገሡን እንለምናለን። በየወሩ መጀመሪያ ኪራዩን የምንቀበልበት ቤት አለ። የዋናው ቤት ቆርቆሮ ሲለወጥ አሮጌው ቆርቆሮ ምስማሩ ከወጣበት ቀዳዳ ጋር ወደዚያ ቤት ክዳን ይሄዳል። ተከራይዋ «ያፈሳል» ስትል «ከፈለግሽ ሌላ ቤት ፈልጊ» ይባላል፤ በዚህች ከተማ ቤት ማግኘት እንዴት ያለ ጭንቅ እንደ ሆነ ሁላችን እያወቅን። በዚያ ቤት የተኛ ሕፃን በእርጥበት ምክንያት ሲያስል በእኛ የመኝታ ክፍል ይሰማል። እንዲህ ያለው ሰው ጌታ እራት እንዲበላ ለመቅረብ ከመነሣቱ በፊት መሰላሉን ያንሣ። ቃላችን ከከበደ የከበደው በእኛም ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንመለስ። በዚያው ከሰዓት በኋላ እትዬን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉን፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ይቅርታው በዚያው ቀን ተሰጠን፤ ግድግዳው ግን እስከ ጥቅምት ክፍት ነበረ። ይህን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ግድግዳውን ስለ ሠራን ይቅር የተባልን አይደለንም፤ ጭቃ አቡክቶ ኃጢአቱን የሚመርግ ሰው ከቶ የለም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 ላይ ገለባ በሌለበት ጭቃ የተመረገ ቅጥር ዶፍ ሲመጣበት እንደሚወድቅ ይናገራል፤ የገዛ ሥራችንም በእግዚአብሔር ፍርድ ፊት እንዲሁ ነው። ኃጢአታችንን የተሸከመው የናዝሬቱ ጠራቢ ነው፤ እርሱ ከላይ ሆኖ አልተመለከተንም፤ ውኃው ወደ ገባበት ወደ ታችኛው ቤት ወረደ፤ በእንጨትና በምስማርም ዋጋችንን ከፈለ። ይሁን እንጂ «ይቅር ተብለናልና ስለ ግድግዳው አይገደንም» የሚል ሰው ይቅርታውን አልሰማም። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ቀን የበደላቸውን ሰዎች አሰበ፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁም አለ። መዳን ወደዚያ ቤት ገብቶ ነበርና፥ ገንዘቡ ከቤቱ ሊወጣ ተነሣ።

በሐምሌ የረጠበ ግድግዳ አይመረግም። ስለዚህ በዚያ ክረምት ያደረግነው የቧንቧውን አፍ ወደ በርሜል መመለስ፥ የሚተርፈውንም በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ወደ መንገዱ መውረጃ መምራት ነበር። የእትዬን ግድግዳ በባሕር ዛፍ ደገፍነው፤ ከውጭ በላስቲክ ሸፈንነው። ክረምቱን በእኛ ቤት እንዲያሳልፉ ለመንናቸው። መጀመሪያ «ቤት ባዶውን አይተውም» ብለው እንቢ አሉ፤ ነሐሴ ሲገባ ግን እሺ ብለው ከሴት ልጃችን ጋር አንድ ክፍል ተኙ። በፍልሰታ ጾም እርሳቸው ጾመኛ ነበሩና የቤታችን ወጥ ሁሉ ያለ ቅቤ ተሠራ፤ ልጆቹ ያጕረመረሙት ለሁለት ቀን ብቻ ነው።

በጥቅምት መሬቱ ሲደርቅ የማኅበሩ ወጣቶች መጡ። የበሰበሱትን ቋሚዎች በአዲስ ለወጥን፤ ከሥራቸውም ድንጋይ ደረደርን። ጭቃውን እኛው አቦካነው። እትዬ መጥተው በእጃቸው ዘገን አድርገው ጨበጡት፤ ለቀቁትና «ጭዱ አልበቃውም፤ ይህ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አሉ። ሴሚናሪ የተማርነውን ሁሉ ብናወጣ ስለዚህ አንድ ቃል አልነበረበትም። ጭድ ጨመርን፤ ውኃ አጠጣን፤ ረገጥን፤ ሳምንት ያህል እንዲቦካ ተውነው። በየማታው ይመጡና ያዩታል። በሰባተኛው ቀን «አሁን ያዘ» አሉ። ቡና አፍልተው ነበርና ከመምረጋችን በፊት ጠጣን፤ የእኛ ወጣቶች በፊት ወደዚያ ቤት ገብተው አያውቁም ነበር።

ስለ ነህምያ መጽሐፍ ሦስተኛ ምዕራፍ አንድ ነገር እንናገር። ብዙ ሰው ይህን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ከዚያ ጥቅምት ወዲህ በቀስታ እናነበዋለን። የኢየሩሳሌም ቅጥር በታላላቅ ሰዎች እቅድ ብቻ አልቆመም፤ አንዱ በቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ጠገነ፤ ከእርሱም ቀጥሎ ሌላው። ሽቶ ቀማሚውና ወርቅ አንጥረኛው ድንጋይ አነሡ፤ አንዱም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። የቴቁሐ ታላላቆች ግን አንገታቸውን ለሥራው አላቀረቡም፤ ይህም ተጽፎባቸው ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል። ቅጥሩ አንድ ስለ ሆነ የአንዱ ድርሻ ካለቀበት የጎረቤቱ ይጀምራል፤ በመካከል ክፍተት ቢቀር ጠላት የሚገባው በዚያ ነው።

«ቤቱ የእኔ አይደለም» የሚል አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች በመንግሥት እጅ ከገቡ በኋላ በቀበሌ ቤት የኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ይህን ቃል ተላመዱት፤ ተከራዩ መንግሥትን ይጠብቃል፤ በመካከል ጣራው ይጎብጣል። «ነገ ሊፈርስ ይችላል፤ ለምን እደክማለሁ?» የሚልም አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን ጨምሮ በብዙ ሰፈሮች ለልማት የፈረሱትን ቤቶች ያየ ሰው እንዲህ ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከውን ደብዳቤ አስቡ። የእነርሱ ባልሆነ ከተማ፥ እንደሚለቁትም በተነገራቸው አገር ቤት እንዲሠሩና እንዲቀመጡ፥ ስለ ከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። የዛሬ ሌሊት ዝናብ ቤቱ በማን ስም እንደ ተጻፈ አይጠይቅም፤ ከሥሩ የሚተኛውን ሰው ያረጥባል።

በዚህ አጋጣሚ ለብዙ ጊዜ ያሰብነውን እንጨምር። በቅፍርናሆም አራቱ ሰዎች ሽባውን ለማውረድ ጣራውን በቀደዱ ጊዜ፥ ሰውዬው ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ ከሄደ በኋላ፥ ያን ጣራ የከደነው ማን ነው? ወንጌላዊው አልነገረንም። አንድ ሰው መሰላል ተውሶ፥ ጭቃ አቡክቶ ከድኖታል። ስሙን አናውቅም። በሰማይ ልንጠይቀው ካሰብናቸው ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ እትዬ ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። ቡና ከመቅረቡ በፊት ወደ ማዕዘኑ ይሄዱና ቀና ብለው አሸንዳውን ያያሉ፤ በምርኩዛቸውም ቦይውን እየነካኩ ቅጠል የደፈነው እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ባለፈው ሳምንትም መጥተው ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንሥተው፥ «ያቺ ሦስተኛዋ ምስማር ላልታለች» አሉን። እኛ ከታች ሆነን አልታየንም። መሰላል አምጥተን ወጥተን ስናይ፥ በእርግጥ ላልታ ነበር።